ባንቹ በፖፖው ላይ የተቀመጠች ዕለት

ለባለቤቴ ለየሺወርቅ፤

የሺዬ፣ እንዴት ነሽ አልልሽም። ያለሽበትን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከእኔ ቤት የተሻለ ቦታ እንደሆነም አልጠራጠርም። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። መስቀል በዋለ በአምስተኛው ቀን ነበር የቀበርንሽ፤ ይኸው አደይ አበባው እንደገና ሜዳውን ሞልቶታል።

ይህን የሚጽፍልኝ አቶ ላቀው ነው፤ ያ ቢቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው። ገና ብዕሩን ሲያነሳ «ጉዳዩ» ብሎ ጀመረ። «ምን ጉዳይ አለኝ፣ ሚስቴ ናት» አልኩት። ሰርዞ እንደገና ጀመረ። እኔ እንደምናገረው ጻፈው፣ አታሳምረው ብዬዋለሁ። በሙት ዓመትሽ ቀን ሰው ምሳ ከበላ በኋላ እሱው ቆሞ ያነበዋል። ቀብርሽ ላይ ያለቀሰልሽ ሁሉ ይስማው። «ሽማግሌ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም» ያለኝም ይስማው።

አስቀድሜ ዋናውን ልንገርሽ፣ ዝርዝሩ ይደርሳል። የአልማዛችን ልጅ ባንቹ ልብሷ ላይ መሽናት ትታለች። ሽንቷንም፣ ሌላውንም ቀድማ ትናገራለች፤ ራሷ ሄዳ ትቀመጣለች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጎረቤት አይደለም፣ እህቴ አይደለችም፣ እኔ። አንቺ ጀመርሽው፣ እኔ ጨረስኩት። አቶ ላቀው ቀና ብሎ «አባባ፣ ይህ ለደብዳቤ ይሆናል?» አለኝ። ይሆናል። እሱ ቀኑን ሙሉ የድንበር ክስ ሲጽፍ ይውላል፤ ይህ ከድንበር ይበልጣል።

እውነቱን ለመናገር አንቺ በሕይወት ሳለሽ ልጅ ከዚህ ነገር እንዴት እንደሚወጣ አስቤበት አላውቅም። አምስት ወለድሽልኝ፣ ሦስቱ አደጉልን፤ እኔ ግን ከእርሻ ስመለስ ሁልጊዜ ታጥበውና ቅቤ ተቀብተው ነበር የማገኛቸው። ጥጃ ማንም ሳያስተምረው እንደሚቆም ልጅም እንዲሁ ከራሱ የሚማር ይመስለኝ ነበር። ትዝ ይልሻል፣ አልማዝ ገና በደረቷ ስትሳብ «ልብስ አጥቤ እስክመጣ ያዛት» ብለሽኝ ወንዝ ወረድሽ። ከአጥሩ ሳትርቂ ጭኔ ላይ ለቀቀችው። እኔ ደግሞ ቤት የተቃጠለ ይመስል ጮኬ መንደሩን ጠራሁ። ሰው ሁሉ ዱላ ይዞ ደረሰ። አንቺ ከወንዝ እየሮጥሽ መጥተሽ ነገሩን ስታዪ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ሰዎቹም ዱላቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ልጅ አምነሽ ሰጥተሽኝ አታውቂም።

ባንቹን ግን ሞትሽ ሰጠኝ።

ከመታመምሽ በፊት ማለዳ ማለዳ መሬት ላይ ተቀምጠሽ፣ ሁለቱን እግሮችሽን ዘርግተሽ፣ እሷን እግሮችሽ ላይ አስቀምጠሽ «ሽሽሽ» ትያት ነበር። ልትለምድ ተቃርባ ነበር። ከቀብርሽ ማግሥት ጀምሮ ግን ያወቀችውን ሁሉ ተወችው። ሲመጣባት ከጎታው ኋላ ትደበቃለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ትንፋሿን ውጣ ትይዘዋለች። ከዚያ እዚያው ያመልጣታል። ከዚያ ታፍራለች። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዲህ ስታፍር አይቼ አላውቅም። እኔም እንደ አንቺ ልሁን ብዬ መሬት ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁላት። የተረከዜን ንቃቃት በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ይወጋል» ብላኝ ሄደች።

እንደምታውቂው አልማዝ ሞጣ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ያ ወታደር ባሏ ወደ ሐረር ከተዛወረ ወዲህ ሰላምታ እንኳ አልላከም። ለቀብርሽ መጥታ ሳለች ልጇን ይዛ ልትመለስ ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ሞጣ የምትኖረው ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ሴትዮዋ «አንቺ ትምህርት ቤት ስትውዪ ልጅቷን እኔ እይዝልሻለሁ፤ ልብሷ ላይ የምትሸና ከሆነ ግን ወገቤ አይችልም፣ አታምጪብኝ» ብለዋታል። ስለዚህ አልማዝ ልጇን እኔ ዘንድ ትታ፣ እያለቀሰች ሄደች።

እህቴ ማንጠግቦሽ ደግሞ ከጉንደ ወይን መጥታ የልጅቷን ነገር አየች። «ለእኔ ስጠኝ፣ አሳድጋታለሁ» አለች። እህቴ ደግ ናት፣ አልዋሽም። ግን ልጅ የላትም። አንዴ ከወሰደቻት «እማዬ» ታሰኛታለች፤ አልማዝም ለገዛ ልጇ እንግዳ ትሆናለች። አንቺ ደግሞ አልጋ ላይ ሆነሽ አደራ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጅቷን ከእናቷ እንዳትለያት» አልሽኝ። እርሻዬን እንዲህ አድርግ፣ ልብሴን ለእገሊት ስጥ አላልሽም። ይህን ብቻ። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ባንቹ ከለመደች ሞጣ ወደ እናቷ ትሄዳለች፣ ካልለመደች ጉንደ ወይን ትቀራለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ልደብቀውም ብል አልችልም፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቀዋል።

ኅዳር ሲገባ አንድ ነጋዴ ከሞጣ በአህያ ጭኖ ከአልማዝ የተላከ ጥቅል አደረሰልኝ። ለልጅቷ ቀሚስ አለበት፤ በቀሚሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንድ የሚያምር የብረት ዕቃ ነበረበት። ነጭ ነው፣ ከንፈሩ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ አበባ ተስሎበታል፤ ጆሮም ክዳንም አለው። እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችን ገብቶ አያውቅም። ወረቀቱን ማስነበብ ነበረብኝ። አላስነበብኩም። የገዛ ልጄ ምን እንደምትለኝ ሌላ ሰው ሊነግረኝ ነው? ሰላምታና ናፍቆት ነው ብዬ ጣሪያው ማገር ሥር ሰካሁት።

በዚያው ወር በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። አንቺ የሌለሽበት የመጀመሪያው ተራ። ጎረቤቶች ዳቦውን ደፉልኝ፣ ጠላውን ጠመቁልኝ። ዳቦው የሚታደልበት ዕቃ ግን ጠፋ፤ ያንቺን መሶብ አውጥቼ ማየት አልቻልኩም ነበር። ስለዚህ የአልማዝን ዕቃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩበት፤ ቁራሹን ዳቦ ሞልቼ አቀረብኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ይግዛው ባረኩት። ማኅበርተኛው ሁሉ ከውስጡ እያነሳ በላ። ሁሉም ዕቃውን አደነቀ። ግራዝማች አድማሱ እንኳ፣ ያ በድንበር ክስ ሰባት ዓመት ያመላለሰኝና በመጨረሻ የረታሁት፣ ጆሮውን ይዞ አገላብጦ ካየው በኋላ «ይህ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው፤ ለልጄ ሠርግ ታውሰኛለህ» አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ባንቹ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ሁሉን ትመለከት ነበር።

በታኅሣሥ የልጅቷ ሆድ ደረቀ። አራት ቀን ሙሉ ያዘችው። እህል እንቢ አለች፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ከክሊኒኩ ድሬሰሩን ቶሎሳን ጠራሁት፤ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። ሆዷን ዳሰሳት፣ ተልባ እንዳጠጣት ነገረኝ፣ «አትቆጧት፣ ስትፈራ ነው የምትይዘው» አለኝ። ሊወጣ ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። በዕቃው ውስጥ ቂጣ አስቀምጬበት ነበር።

«አባባ፣ በፖፖ ውስጥ ቂጣ ያስቀምጣሉ?» አለኝ።

«ፖፖ ምንድን ነው?» አልኩት።

ነገረኝ። የሺዬ፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ላብ አጠመቀኝ። ወረቀቱን ከማገሩ ሥር መዝዤ ሰጠሁት፣ አነበበልኝ። አልማዝ እንዲህ ብላለች፤ «አባዬ፣ ይህን ፖፖ ለባንቹ ልኬያለሁ። ማለዳ ስትነሳ ያስቀምጧት። እንቢ ብትል አያስገድዷት፣ ቀስ በቀስ ትለምደዋለች።» ቶሎሳ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «ሳቅ፣ ይውጣልህ» አልኩት። ሳቀ። ሲጨርስ ለማንም እንደማይናገር ማለልኝ። እኔም ማንም ባያውቅ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።

ተልባው ሆዷን ከፈተላት። እኔም ዕቃውን ፈትጌ ለተላከበት ሥራ ከመደቡ አጠገብ አስቀመጥኩት። ባንቹ አይታው ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አፈገፈገች። «የማርያም ነው!» አለች። «ማርያም ትቆጣለች!»

ምን ትበል? መምሬ ሲባርኩበት አይታለች። ትልልቁ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከውስጡ ሲያነሳ አይታለች። እኔው ነኝ ያስተማርኳት። የማርያም አይደለም፣ አባባ ተሳስቶ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀችብኝ። ማር ሰጥቼ አባበልኳት፤ ማሩን በላች፣ አልተቀመጠችም። ቶሎሳ የከለከለኝን ረስቼ አንድ ቀን ተቆጣኋት፤ ከጎታው ኋላ ገብታ እስክትተኛ አልወጣችም። በዚያ ቀን በራሴ አፈርኩ። በመጨረሻ እኔው ራሴ ተቀምጬ አሳየኋት። ጎረቤት ድረስ ሮጣ «አባባ የማርያም ዕቃ ላይ ተቀመጠ!» ብላ ከሰሰችኝ። ሴቶቹ የአንድ ሳምንት ሳቅ አገኙ፤ ነገሩ ግን ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ለገና ማንጠግቦሽ መጣች። ወለሉ እርጥብ፣ የልጅቷም ቀሚስ እርጥብ ነበር። «እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። «ከፋሲካ በኋላ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ሆና ካገኘኋት ይዣት እሄዳለሁ። ክፉ አይደለሁም ወንድሜ፤ አንተ ወንድ ነህ፣ ይህ ደግሞ የሴት ሥራ ነው።» አንቺን አሰብኩ።

በማግሥቱ መምሬ ይግዛው ቤት ሄድኩ። ታውቂኛለሽ፣ በንስሐ እንኳ ኃጢአቴን እየቆጠብኩ የምናገር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሁሉንም ዘረገፍኩት። መምሬ ጢማቸውን ያዙ።

«አዲስ ነበር?» አሉኝ።

«አዲስ ነበር አባቴ፣ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

«እንግዲያስ ማንም አልረከሰም። ልጅቷ ግን ያየችውን ነው የምታምነው። ማኅበሩ ፊት ያየችውን ማኅበሩ ፊት ትየው። ለጥር ማርያም ዕቃውንም እሷንም ይዘህ ና። የምትናገረው አንተ ነህ።»

«እርስዎ ቢናገሩልኝስ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

የጥር ማርያም ተራው የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ? የግራዝማች አድማሱ። እግዚአብሔር ሰውን ሊቀጣ ሲፈልግ ቤቱን ይመርጣል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስከራከር ከረምኩ። አልሄድም አልኩ፤ አሞኛል ልበል አልኩ። ማንጠግቦሽ ትውሰዳት፣ እዚያም ቢሆን ጠግባ ታድራለች አልኩ። ይህን ያሰብኩበትን ቀን ይቅር በይኝ። ከዚያ ማለዳ ባንቹ ከጎታው ኋላ ስትወጣ፣ እርጥቡን ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ እንዳላይባት ስትሸፍን አየኋት። ከእሷ እፍረት የኔ እፍረት ምን ይበልጣል አልኩና ዕቃውን በነጠላ ጠቅልዬ፣ እሷን በጀርባዬ አዝዬ ሄድኩ።

ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ተነሳሁ። ነጠላውን ገለጥኩ። «ወንድሞቼ፣ በኅዳር እኔ ቤት ዳቦ የበላችሁበት ዕቃ ይህ ነው» አልኩ። «ይህ ፖፖ ይባላል። የሕፃን ሽንት መቀበያ ነው። አዲስ ነበር፣ ንጹሕ ነበር፣ ፖፖ መሆኑ ግን አይቀርም። ልጄ ጽፋልኝ ነበር፤ በኩራቴ ሳላስነብብ ቀረሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አንዱ ዋንጫውን ከአፉ መለሰ። ሌላው መዳፉን ያያል። እኔ የማየው ግራዝማችን ብቻ ነበር። ፊቱ ቀላ፤ ደም ሥሩ ተገተረ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ። «በፍርድ ረታኸኝ፤ አልበቃ ብሎህ በፖፖ አበላኸኝ!»

ከዚያ ሳቀ። ጋቢው ከትከሻው እስኪወድቅ ሳቀ። «ለልጄ ሠርግ ልዋሰው ነበር እኮ! ሙሽሮቹን በፖፖ!» እያለ ጉልበቱን ይመታል። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። አልተቀመጥኩም፣ አንገቴንም አልደፋሁም። ሲስቁ አየኋቸው። አንዳቸውም ያን ያህል የሚከብድ ነገር ተናግረው እንደማያውቁ አውቅ ነበር።

መምሬ ባንቹን ጠሩና ጉልበታቸው መሃል አቆሟት። «ባንቹዬ፣ ይህ ዕቃ የማርያም አይደለም፤ ያንቺ ነው» አሏት።

«ማርያም ትቆጣለች?» አለች።

«አትቆጣም። ማርያምም ልጅ አሳድጋለች። ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው ታውቃለች።»

የሺዬ፣ ይህን ቃል ብትሰሚው ትወጂው ነበር። መምሬ ዕቃውን አንስተው ክንዷ ላይ አኖሩላት። እስከ ቤት ድረስ ራሷ ተሸከመችው። ላግዝሽ ስላት «የኔ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ።

በዚያው ቀን ተቀመጠች እንዳትይ። ልጅ ናት፤ የማን ዘር እንደሆነች ደግሞ ታውቂያለሽ። ሁለት ሳምንት የጨርቅ አሻንጉሊቷን አስቀመጠችበት። ድንጋይ ሞላችበት። አቅፋው ተኛች። ሽንቷን ግን እዚያው ጎታዋ ጋ። ቶሎሳ «ይተዉአት አባባ፣ ቀኑን ራሷ ትመርጣለች» አለኝ። እኔ ነገር መተው የማላውቅ ሰው፣ ተውኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ያ ነው። እጅ አጣጥፎ መጠበቅ።

በየካቲት አንድ ማለዳ ደጅ ላይ ሞፈር እየጠረብኩ ነበር። ባንቹ ፖፖውን በጆሮው እየጎተተች ከቤት ወጣች። አጠገቤ አምጥታ አስቀመጠችው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጣለች። ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች፤ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ እንደ ዳኛ። መጥረቢያዬ አየር ላይ ቀረ። በዚያች ሰዓት ደግሞ ግራዝማች አድማሱ በበቅሎው ወደ ፍርድ ቤት ሊያልፍ ከአጥሩ ጥግ ደረሰ። አፉን ሊከፍት ሲል በእጄ ዝም በል አልኩት። ከበቅሎው ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሰባት ዓመት በአንዲት ስንዝር መሬት ያልተስማማን ሁለት ሽማግሎች፣ አጥር ከዚህና ከዚያ ቆመን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

ድምፁ ተሰማ። ትንሽ ድምፅ ነው፤ ብረቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ መፍሰስ።

ግራዝማች ቀስ ብሎ «ፈረደች» አለ።

ባንቹ ተነስታ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ቀጥላ ወደ እኔ ተመለከተች። የሚጠበቅ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ለዚህ ነገር እልልታ ይገባዋል፤ እልልታው ደግሞ ያንቺ ነበር። አንቺ የለሽም። ስለዚህ እኔ አልኩት። ጢሜን አቁሜ፣ መጥረቢያ በእጄ ይዤ፣ እንደ ሴት እልል አልኩ። ድምፄ ተሰነጣጠቀ፣ ግን አልኩት። ጎረቤት ሴቶች ሰምተው ከየቤታቸው ተቀበሉኝ፤ መንደሩ ሁሉ እልል አለ፣ አብዛኛው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ። ግራዝማች «ፍርድ ቤት ስትረታኝም እንዲህ አልጮህክም!» ብሎኝ በቅሎው ላይ ወጣ። እውነቱን ነው። ያን ቀን አፈር ነው የረታሁት። ፖፖውንም በገዛ እጄ ወስጄ ከአጥሩ ኋላ ደፋሁት፤ ሰው ሲያየኝ አልደበቅኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስቴ አመለጣት፤ ከዚያ አቆመች። ከፋሲካ በኋላ ማንጠግቦሽ እንዳለችው በቅሎ ይዛ መጣች። ሦስት ቀን ተቀመጠች፤ ማለዳ ማለዳ የልጅቷን ቀሚስ በእጇ ትዳስሳለች፣ ከጎታው ኋላ ታያለች። በሦስተኛው ቀን እንባዋን ጠረገች፤ ልጅቷን በጣም ፈልጋት ነበር፣ ይህን አልረሳባትም። ቢሆንም «በቅሎዋን ለሞጣው መንገድ ያዛት፤ ይህ የሴት ሥራ ነው ያልኩህን ቃሌን አንስቻለሁ» አለችኝ። ይህን ያለችው ማንጠግቦሽ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ደብረ ወርቅ አድረን ሞጣ ገባን። በመንገድ ላይ ባንቹ ስንት ጊዜ «አባባ፣ አውርደኝ» እንዳለችኝ አልነግርሽም። ባለች ቁጥር እወርዳለሁ፣ አወርዳታለሁ። ሌላ መንገደኛ «ሽማግሌው፣ በዚህ አካሄድ መቼ ትደርሳላችሁ?» አለኝ። «ደርሰናል» አልኩት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቆፍጣና ሴት ናቸው። ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። «እናያለን» ብቻ አሉ። አልማዝ ፊቷ ነጣ። እኔ ለልጅቷ ማሳሰቢያ እንኳ አልሰጠሁም፤ አምኛታለሁ። ሁለት ቀን ዋልን። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጥጥ እየፈተሉ ሳለ ባንቹ ጨዋታዋን ትታ ወደ እሳቸው ሄደች። እኔንም እናቷንም አልፋ። ቀሚሳቸውን ጎተተችና የምትፈልገውን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እንዝርታቸውን ጣሉ፣ ተነሱ፣ እጇን ይዘው ወሰዷት። ሲመለሱ አዝለዋት ነበር።

«ይህችን ልጅ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት?» አሉ።

አልማዝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀና ብላ «አባቴ» አለች።

የሺዬ፣ ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ። ጎበዝ አራሽ ተብያለሁ፣ ግትር ተብያለሁ፣ ፍርድ ቤት «ረቺ» ተብሎ ስሜ ተጠርቷል። ያን ቀን እንደተጠራሁት ግን ተጠርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ልመለስ ስል ባንቹ አላለቀሰችም፤ ከግቢው ዶሮዎች ጋር ሥራ ነበረባት። እኔም አላለቀስኩም። እሺ፣ ከሞጣ ከወጣሁ በኋላ አልቅሻለሁ፤ አቶ ላቀው፣ ይህንንም ጻፈው። የምትፈልጊው ይህ ነበር፣ አደረግሁት፤ ስለዚህ ብቻዬን ተመለስኩ። አሁን ቤቱ ደረቅ ነው። አንዳንድ ማለዳ ተነስቼ እንደ ልማዴ ወለሉን በእጄ እዳስሳለሁ፤ አንዲት ጠብታ ባገኝ ደስ የሚለኝ ቀን አለ።

ባለፈው ሰኔ አልማዝ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን በዚያው ቀን አስነበብኩት። ባንቹ ጠግባለች፣ ፊደል ላይ ጣቷን ታስቀምጣለች፣ እናቷን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ትጠብቃለች ይላል። አንቺን ግን እየረሳችሽ ነው። አልቆጣባትም። እነዚያን ማለዳዎች አታስታውሳቸውም፣ ቢነግሯትም ተረት ይመስላታል። ድምፅሽን፣ ስታቅፊያት የነበረውን ሙቀትሽን፣ ከእኔ በቀር በዚህ ቤት የሚያውቅ ማንም አልቀረም። እንግዲህ ለእሷም ድርሻ እኔ አስታውስሻለሁ። እስካለሁ ድረስ፣ የእሷንም የእኔንም ያህል።

ባልሽ።